ሯጩ ወዴት ነው የሚሮጠው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ትንሽ ምልክት ናቸው፤ «መጣሁ»፣ «ፍጠን»፣ «ነገ ልምምድ አለ» ለማለት በቴሌግራምና በዋትስአፕ ስለምንልከው የሯጭ ኢሞጂ። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ሯጩን ስንልክ ከስልካችን የሚወጣው ሥዕል አይደለም፤ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 127939 ሲሆን ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓለም ፊደላትና ምልክቶች ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ አለ። ሥዕሉን የሚስለው የተቀባዩ ስልክ ወይም አፕ ነው። ከታች ከሚነሱት ችግሮች የአብዛኞቹ መነሻ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በስልኬ የአማርኛ ኪቦርድ ነው የምጠቀመው። ኢሞጂ ውስጥ ገብቼ ኳሱ ያለበት ክፍል ስሄድ ዋንጫ አለ፣ ሜዳሊያ አለ፣ የሩጫ ማሊያ እንኳ ባይጠፋም ሯጩ የለም። መፈለጊያው ላይ «ሩጫ» ብዬ ብጽፍም አያመጣልኝም። — ት.ገ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ኳሱ ጋ አይፈልጉት። ሯጩ የተመደበው ከስፖርተኞች ጋር ሳይሆን ከሰዎች ጋር ነው። ፈገግታ ያላቸውን ፊቶችና እጆችን አልፈው፣ ሙያተኞቹን (ሐኪም፣ ገበሬ፣ ፖሊስ) ካለፉ በኋላ የሚራመድ ሰው፣ የቆመ ሰው፣ የተንበረከከ ሰው፣ ዘንግ የያዘ ዓይነ ስውር፣ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሮች ይመጣሉ። ሯጩ ከእነሱ ቀጥሎ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከምትጨፍረው ሴት አጠገብ ነው። አንድ ጊዜ ከላኩት በኋላ በሰዓት ምልክቱ ሥር፣ በቅርብ ከተጠቀሙባቸው መካከል ስለሚቀመጥ ሁለተኛ ፍለጋ አያስፈልግም።

የመፈለጊያው ነገር እንደ ኪቦርዱ ዓይነትና ስሪት ይለያያል። አንዳንዱ የአማርኛ ቃል ይገባዋል፣ ብዙው ግን የእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። አማርኛው እምቢ ሲል የሉል ምልክት ያለበትን ቁልፍ ነክተው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩና «ራን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሦስት ፊደል ይጻፉ። የጫኑት የአማርኛ ኪቦርድ ጭራሹን የኢሞጂ ቁልፍ ከሌለው፣ ያንኑ ሉል ተጭነው ቢቆዩ የኪቦርዶቹ ዝርዝር ይመጣል። ለአንዱ ቃል ወደ አማርኛው፣ ለኢሞጂው ወደ ሌላው መመላለስ ነው። ይህ ከሰለቸዎ አቋራጭ ይሥሩ።

በጂቦርድ (በጎግል ኪቦርድ)፦ ቅንብሮች፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት፣ ከዚያ የግል መዝገበ ቃላት፣ ከዚያ አማርኛ። የመደመር ምልክቱን ነክተው በቃሉ ቦታ ሯጩን፣ በአቋራጩ ቦታ ደግሞ ለምሳሌ «ሩሩ» ብለው ያስገቡ። ከዚያ በኋላ «ሩሩ» ሲጽፉ ሯጩ ከኪቦርዱ በላይ ባለው መስመር ብቅ ይላል፣ ይነኩታል። በአይፎን ይኸው ሥራ በሴቲንግስ፣ ጄነራል፣ ኪቦርድ፣ ቴክስት ሪፕሌስመንት ሥር ነው፤ እዚያ ግን መንካት አያስፈልግም፣ ክፍተት ሲመቱ ራሱ ይቀይረዋል። ስለዚህ አቋራጭዎ በተራ ጽሑፍ ውስጥ የማይመጣ ቃል ይሁን። «ሩጥ» ብለው ካስቀመጡ ልጅዎን «ሩጥ» ባሉት ቁጥር ምልክቱ ይሄዳል፤ እሱ ላይከፋ ይችላል፣ ለአለቃዎ ሲጽፉ ግን ይከፋል።

የቆዳ ቀለም ለመምረጥ ሯጩን ነክተው ሳይለቁ ይቆዩ። አምስት ቀለሞች ይመጣሉ፤ ስድስተኛው ምንም ያልተመረጠበት ቢጫው ነው።

ጥያቄ፦ በቢሮ ኮምፒዩተር ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሯጩን ዎርድ ውስጥ ለማስገባት ሁልጊዜ ከቴሌግራም ኮፒ አደርጋለሁ። ቀጥታ መጻፍ አይቻልም? ደግሞስ ስክሪኑ ላይ ያለ ቀለም ጥቁርና ነጭ የሚሆነው ለምንድን ነው? — ብ.አ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ይቻላል፣ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። መጀመሪያ መጻፊያው ቦታ ላይ በማውሱ ይጫኑ፤ ይህን የሚዘልሉ ሰዎች ናቸው «ሰሌዳው ይከፈታል፣ ኢሞጂው ግን አይገባም» የሚሉት። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘው የነጥብ ቁልፉን ይምቱ። ትንሽ የኢሞጂ ሰሌዳ ይከፈታል። ኪቦርዱ በእንግሊዝኛ ላይ ከሆነ እዚያው መጻፍ ብቻ ነው፣ ራሱ ይፈልጋል። አማርኛ ላይ እንደሆነ በድምፅ የሚጽፈው ኪቦርድ ሦስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት «ሩን» አድርጎ ይሰበስባቸውና ፍለጋው ባዶ ይቀራል። በዊንዶውስ ቁልፍና በክፍተት ቁልፉ ቋንቋ ይቀይሩ።

ሁለተኛው ለዎርድ ብቻ ነው፣ ሰሌዳ አይፈልግም። ኪቦርዱን እንግሊዝኛ ያድርጉና የሯጩን ቁጥር በኮምፒዩተር አጻጻፍ ያስገቡ፦ 1፣ ኤፍ፣ 3፣ ሲ፣ 3። አምስቱን ያለ ክፍተት አከታትለው እንደጻፉ የኦልትን ቁልፍ ይዘው ኤክስን ይምቱ፤ ኮዱ ወደ ሯጭ ይለወጣል። የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ከኮዱ በፊት ያለ ክፍተት ሌላ ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ «10» ብለው ወዲያው ከቀጠሉ፣ ዎርድ ሁሉንም አንድ ኮድ አድርጎ ያነበዋል። ክፍተት ይምቱ፣ ይቀይሩ፣ ካስፈለገ ክፍተቱን በኋላ ያጥፉት። የአማርኛ ፊደል ቢቀድመው ግን ምንም አይሆንም።

ለኤክሴል ደግሞ ዩኒቻር የሚባለው ፎርሙላ አለ፤ በቅንፉ ውስጥ 127939 ይስጡት። ለድረ ገጽ 🏃 ብሎ መጻፍ ይበቃል። ማክ ላይ ኮንትሮል፣ ኮማንድና ክፍተት በአንድ ላይ፤ ክሮምቡክ ላይ የፍለጋ ቁልፉ፣ ሺፍትና ክፍተት፤ ሊኑክስ ላይ በብዙ ፕሮግራሞች ኮንትሮልና ሺፍት ተይዘው ዩ ይመታል፣ ከዚያ ያው አምስት ምልክት ኮድና ኢንተር።

ቀለሙን በተመለከተ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የቆዩት የዎርድ ስሪቶች ኢሞጂን እንደ ተራ ፊደል በመስመር ብቻ ነበር የሚስሉት። ፋይሉ በአዲስ ስሪት ሲከፈት ቀለሙ ሊመጣ ይችላል። ማስታወቂያው በቀለም እንዲታተም ከፈለጉ ኢሞጂውን እንደ ፊደል ሳይሆን እንደ ምስል ያስገቡት፤ ያኔ በየትኛውም ኮምፒዩተር ያው ነው።

እግረ መንገዳችንን፦ ቢሮዎ አሁንም ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ የቆዩ፣ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች የሚጠቀም ከሆነ የሚያስቅ ነገር ያያሉ። ጽሑፉን ከዎርድ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ሲያደርጉት አማርኛው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሲሆን ሯጩ ብቻ ደህና ይደርሳል። እሱ የራሱ ቁጥር አለው፤ የቆየው ፎንት ግን ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ የለበጠው ነው። መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፣ ከኢሞጂው ጋር የሚገናኝ ምንም የለውም።

ጥያቄ፦ የሩጫ ቡድናችንን የቅዳሜና እሁድ ልምምድ በኤስኤምኤስ ነው የማሳውቀው፣ ሁሉም ኢንተርኔት የለውምና። መልእክቱ 65 ፊደል ነው፣ ሁልጊዜ እንደ አንድ ነበር የሚቆጠረው። መጨረሻው ላይ ሴት ሯጭ ስጨምር እንደ ሁለት ተቆጠረብኝ። አንድ ምልክት ይህን ያህል ይከብዳል? — ሰ.መ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ይከብዳል። ሒሳቡን እንሥራው።

አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። ከውስጡ አንድ እንኳ ከዚያ ጠባብ ሰንጠረዥ ውጭ የሆነ ነገር ከገባበት ሙሉው መልእክት በሌላ አቀማመጥ ይጻፍና አቅሙ ወደ 70 ይወርዳል። አማርኛ ሁልጊዜ በ70ው ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቦታ ይወስዳል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጮቹን በተቀባዩ ስልክ ለመገጣጠም ምልክት ስለሚያስፈልግም እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል።

አሁን ሯጩን እንመዝን። ጾታም ቀለምም ያልተመረጠለት ሯጭ 2 ቦታ ይወስዳል። ሴት ሯጭ ግን በቁጥር አንድ ምልክት አይደለችም። ሯጩ 2፣ የማይታይ ማያያዣ 1፣ የሴት ምልክት 1፣ «በሥዕል አሳይ» የሚል ስውር ምልክት 1፣ በድምሩ 5 ናት። የቆዳ ቀለም ሲመረጥላት 2 ይጨመርና 7 ትሆናለች። ወደ ቀኝ የምትሮጠውን ከመረጡ ማያያዣው፣ ቀስቱና ስውሩ ምልክት ሌላ 3 ይጨምራሉ፣ 10።

የእርስዎ 65 ፊደል ከቢጫው ሯጭ ጋር 67 ነው፣ በአንድ ይሄዳል። ከሴቷ ጋር ቀለም ሳይመርጡ 70 ነው፤ ልክ አፋፉ ላይ ቆሞ ያልፋል። ቀለም ከመረጡ 72 ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። እርስዎ ላይ የደረሰው ይህ ይመስላል። ለ40 ሰው ሲላክ 40 የነበረው 80 ሆነ ማለት ነው።

አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይከፍላሉ። 150 ፊደል ያለው የላቲን መልእክት አንድ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ቢጫ ሯጭ ሲጨመርበት 152 ይሆንና በ67 ሲካፈል ሦስት ክፍል ይወጣዋል። ለአንድ ሯጭ ሁለት ትርፍ መልእክት! ለብዙ ሰው ከመላክዎ በፊት በመጻፊያው ሳጥን ጥግ ላይ የሚታየውን ቆጣሪ ይመልከቱ፤ ብዙ ስልኮች የቀረውን ቦታና የክፍሉን ብዛት ያሳያሉ። ባለ ቁልፍ ቀላል ስልክ ያለው አባል ደግሞ ከሯጩ ይልቅ ባዶ ሳጥን ሊያይ ስለሚችል፣ በኤስኤምኤስ «ሩጫ» የሚለው ቃል ይሻላል። ሁለት ቦታ ነው የሚወስደው።

ጥያቄ፦ ሯጩ ለምን ወደ ኋላ ይሮጣል? «ከቤት ወደ ሥራ» ብዬ መሀል ላይ ሳስገባው ወደ ቤት የሚመለስ ይመስላል። ሌላው፣ አማርኛና ዕብራይስጥ ቀላቅዬ ስጽፍ መጨረሻ ያስቀመጥኩት ሯጭ ቦታ ይለውጥብኛል። — ደ.ዮ.፣ ከነታንያ

መልስ፦ ወደ ኋላ የሚሮጠው ለእኛ ነው። ሯጩ፣ ብስክሌተኛው፣ መኪናው፣ አውቶቡሱ ሁሉም በአብዛኞቹ ስልኮች ፊታቸው ወደ ግራ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ለሚያነብ አማርኛ አንባቢ ይህ መመለስ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚያነብ የዕብራይስጥ ወይም የዐረብኛ አንባቢ ግን ያው ሯጭ ወደ ፊት እየሄደ ነው። ቅንፍ በዕብራይስጥ ውስጥ ሲገባ እንደ መስተዋት ይገለበጣል፤ ኢሞጂ ግን አይገለበጥም፣ በየትኛውም ቋንቋ መሀል እንደተሳለ ይቆያል።

አቤቱታው ከእርስዎ በፊት ሰሚ አግኝቷል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኢሞጂ 15.1 ወደ ቀኝ የሚሄዱ ሰዎችን ጨመረ፤ ተራማጁ፣ ሯጩ፣ ተንበርካኪው፣ ባለ ዘንጉና ሁለቱ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሮች። ስድስት ሰው፣ በሦስት የጾታ አማራጭ፣ በስድስት ቀለም፣ 108 አዳዲስ ምልክት ከዚህ ብቻ ወጣ። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 17.4 ጀምሮ አለ፤ ሯጩን ተጭነው ሲቆዩ አቅጣጫ መምረጫ ይመጣል። አንድሮይድ ላይ እንደ ስልኩና እንደ አፑ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ወደ ቀኝ የሚሮጠው በቁጥር ሲታይ ያው የቀድሞው ሯጭና የቀኝ ቀስት በማያያዣ ተጣብቀው ነው። የተቀባዩ ስልክ ካላወቀው ሁለቱን ለየብቻ ይስላቸዋል፤ ወደ ግራ የሚሮጥ ሰው፣ ከጎኑ ወደ ቀኝ የሚያሳይ ቀስት። ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ለራሱም ያልገባው ይመስላል።

ስለዚህ የተቀባዩን ስልክ ካላወቁ ዘዴው ሌላ ነው፤ ሯጩን ከመድረሻው በኋላ ያስቀምጡት። «ሥራ» ብለው ሯጩን ከቃሉ በስተቀኝ ቢያደርጉት ፊቱ ወደ ቃሉ ስለሆነ ወደ ሥራ የሚሮጥ ይሆናል። የአቧራውን ብናኝ ኢሞጂ ከሯጩ ቀጥሎ ቢጨምሩም ከጀርባው ይወድቃል፣ ልክ ነው።

ቦታ የሚለውጥበት ምክንያት ኢሞጂ የራሱ አቅጣጫ ስለሌለው ነው። አማርኛ ፊደል «እኔ ወደ ቀኝ ነኝ»፣ ዕብራይስጥ «እኔ ወደ ግራ ነኝ» ይላሉ፤ ሯጩ ዝም ይላል፣ ዳር ላይ ሲቆምም የአንቀጹን አቅጣጫ ይከተላል። ብዙ አፖች የአንቀጹን አቅጣጫ የሚወስኑት ከመጀመሪያው ፊደል ነው። መልእክትዎ በዕብራይስጥ ስም ተጀምሮ በአማርኛ ካለቀ፣ መጨረሻ ያስገቡት ሯጭ ከአማርኛው በስተግራ ይሄዳል፣ ማለትም ለዓይንዎ ከአማርኛው በፊት ይመጣል። መልእክቱን በአማርኛ ቃል ይጀምሩ፤ ካልሆነ ሯጩን ብቻውን አዲስ መስመር ላይ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአውሮፓ ሴት ሯጭ ላከችልኝ፣ እኔ ጋ ወንድ ሯጭና ከጎኑ የሴት ምልክት ሆኖ ደረሰ። ቫይረስ ይሆን? — አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ አይደለም። ከላይ እንዳልነው ሴቷ የተጣበቀ ምልክት ናት፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው የመጣችው። ከዚያ በፊት የተሠራ ስልክ ማያያዣውን ስለማያውቀው ክፍሎቹን ለየብቻ ያሳያል። ነጠላውን ሯጭ ደግሞ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ለዓመታት ወንድ አድርገው ይስሉት ስለነበር ወንድ መጣብዎ። ስልኩ ስለማይታደስ ከሆነ ቴሌግራምን ይሞክሩ፤ የራሱን ሥዕሎች ይዞ ስለሚመጣ የስልኩን ፎንት አይጠብቅም። ዋትስአፕም አንድሮይድ ላይ እንዲሁ ነው። አፑን ማደስ ብቻውን ችግሩን የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የማኅበረሰባችንን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ መመዝገቢያ ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። የአማርኛ ስሞች ያለ ችግር ይመዘገባሉ። አስተያየት ውስጥ ሯጭ ያስገባ ሰው ግን ከሯጩ በኋላ የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። አማርኛ ከሠራ ዩኒኮዱ ትክክል ነው ማለት አይደለም እንዴ? — ኤ.ተ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ዳታቤዝዎ ማይኤስኪውኤል ከሆነ፣ በውስጡ «ዩቲኤፍ8» ተብሎ ይጠራ የነበረው አቀማመጥ ለአንድ ምልክት እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚፈቅደው። የግዕዝ ፊደል በትክክል 3 ባይት ነው፣ ስለዚህ ይገባል። ሯጩ 4 ነው። ጥብቅ ቁጥጥሩ ከተከፈተ ስህተት 1366 ይሰጥዎታል፤ ከተዘጋ ደግሞ ዝም ብሎ ከሯጩ ጀምሮ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። የጠፋው ጽሑፍ ዳታቤዙ ውስጥ ስላልገባ ተመልሶ አይገኝም።

መጀመሪያ ባክአፕ። ቀጥሎ ሠንጠረዦቹን ከነዓምዶቻቸው ወደ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ይለውጡ። ከዚያ ብዙዎች የሚረሱትን፣ ድረ ገጹ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትን መስመር፣ ወደዚያው ይቀይሩ፤ ሠንጠረዡ ተለውጦ መስመሩ ካልተለወጠ ከሯጩ ይልቅ የጥያቄ ምልክት ይመጣል። በቆየ ስሪት ላይ የ255 ፊደል ዓምድ ኢንዴክስ ካለው ለውጡ እምቢ ይላል፤ የኢንዴክሱ ጣሪያ 767 ባይት ሲሆን 255 በ4 ሲባዛ 1020 ነውና። ዓምዱን ወይም የኢንዴክሱን ርዝመት ወደ 191 ያውርዱት። ስሪት 8.0 ከመጀመሪያውም በአዲሱ አቀማመጥ ነው የሚነሳው፤ ግን ከድሮ ሰርቨር ያመጧቸው ሠንጠረዦች የድሮውን ይዘው ይመጣሉ፣ አንድ በአንድ ይፈትሹ።

አስተያየቱን በርዝመት የሚቆርጥ ኮድ ካለዎ በባይት አይቁረጡ። ቀለም የተመረጠላት ሴት ሯጭ 17 ባይት ናት፤ መሀሏ ላይ ቢቆረጥ ወይ ሴትነቷ ይጠፋል ወይ የተሰበረ ምልክት ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለሠፈራችን ሩጫ ቲሸርት ልናሳትም ነው። የአይፎኑን ሯጭ ስክሪንሾት አንስተን ብንሰጥስ? — የወጣቶች ቡድን፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በሁለት ምክንያት አይስጡ። ቁጥሩ 127939 የማንም አይደለም፤ ሥዕሉ ግን የሣለው ኩባንያ ንብረት ነው፣ የአፕል ሥዕሎችም ለሽያጭ ዕቃ እንዲውሉ በነጻ የተለቀቁ አይደሉም። የጎግል ኖቶ ኢሞጂ ግን በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ትዊሞጂ የሚባለውም በነጻ ይወሰዳል፣ የሠሪውን ስም መጥቀስ ግን ግዴታ ነው።

ሁለተኛው የጥራት ነገር ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ህትመት በኢንች 300 ነጥብ ቢፈለግ ወደ 3543 ፒክስል ያስፈልጋል። 512 ፒክስል ያለው ምስል በዚያ ጥራት 4.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ሲለጠጥ ጥርስ ያወጣል። ስለዚህ ኤስቪጂ የሆነውን ፋይል አውርደው ለማተሚያ ቤቱ ይስጡ፤ የፈለጉትን ያህል ቢሰፋ አይበላሽም። ስክሪን ፕሪንት ከሆነ ደግሞ ኖቶ ኢሞጂ ባለ አንድ ቀለም ፎንትም አለው። አንድ ቀለም አንድ ፍሬም ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል፣ በጨርቅ ላይም ከባለ ብዙ ቀለሙ ይልቅ ጠርቶ ይታያል። በኛ ግምት ለቲሸርት ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የማየት ችግር ስላለብኝ ስልኬ እያነበበልኝ ነው የምጠቀመው። ጓደኞቼ በየመልእክቱ ስድስት ሰባት ሯጭ ይደረድራሉ። ምን ልበላቸው? — ሀ.ወ.፣ ከጎንደር

መልስ፦ ይህን ያንብቡላቸው፦ የስልክ አንባቢዎቹ ቶክባክም ሆነ ቮይስኦቨር የእያንዳንዱን ኢሞጂ ስም ነው የሚናገሩት፣ ቀለምና ጾታ ከተመረጠም ያንን ጨምረው። ሰባት ሯጭ ከሰዓቱ በፊት ከተደረደረ፣ ሰዓቱ ከመነገሩ በፊት ሰባቱም ሮጠው ያልፋሉ። አንድ ሯጭ፣ ያውም ከዋናው ጉዳይ በኋላ፣ በመልእክቱ መጨረሻ ያድርጉት።